ኬብሉ ከመሳቡ በፊት

የኔትወርክ ኬብል ልባሱን ገፍፎ ውስጡን የሚያይ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚይዘው ቀለሙ ነው፤ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ። እያንዳንዱ ነጭ የተቀላቀለበት ጓደኛ አለው፤ ከጓደኛውም ጋር ተገምዷል። ቆየት ብሎ ሲያስተውል አራቱ ጥንዶች እኩል አለመገመዳቸውን ያያል። አንዱ ጠበቅ፣ ሌላው ላላ ብሏል። የፋብሪካ ግድፈት ይመስላል እንጂ አይደለም። ሁለት ሽቦ ሲገመድ ከውጭ የሚመጣው ረብሻ በሁለቱም ላይ እኩል ያርፋል፤ ጫፍ ላይ ያለው መሣሪያ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሚያነብ ረብሻው ተቀናንሶ ይጠፋል። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ይህን ዘዴ ለስልክ መስመር እ.ኤ.አ. በ1881 በፈጠራ መብት አስመዝግቦታል። አራቱ ጥንዶች በአንድ ልክ ቢገመዱ ግን ጎን ለጎን ሲጓዙ አንዱ የሌላውን ወሬ ይሰማል። የእያንዳንዱ ግምድ ሆን ተብሎ የተለያየው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚበላሸው መጨረሻ ላይ፣ ሽቦው ሶኬት ውስጥ በሚገባባት ትንሽ ቦታ ነው። ባለሙያው ሽቦዎቹን ወደ ግድግዳው ሶኬት ወይም ወደ ፓች ፓነሉ (ኬብሎቹ በሌላኛው ጫፍ የሚያልቁበት ሰሌዳ) ለማስገባት ጥንዶቹን መፍታት ግድ ይለዋል። ቲአይኤ 568 የሚባለው የኬብል ዝርጋታ ስታንዳርድ (የመጀመሪያው እትሙ እ.ኤ.አ. በ1991 ወጣ) በተለመዱት የኬብል ዓይነቶች ላይ የሚፈታው ርዝመት ከ13 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይላል። እጁ የተፈታ ባለሙያ የሠራውን ሶኬት ከኋላ ብታዩት፣ ግምዱ እስከ ብረቱ ጥርስ ድረስ ይሄድና እዚያው ጫፍ ላይ ይለያያል፤ ልባሱም እስከ ሶኬቱ አፍ ሳይገፈፍ ይደርሳል። የቸኮለው ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ይፈታና ሽቦዎቹን አበጥሮ፣ አስተካክሎ ያስገባቸዋል። የሚገርመው፣ ለማያውቅ ዓይን የሚያምረው የዚህኛው ሥራ ነው።

ከዚህ የረቀቀ ስህተትም አለ። ስምንቱን ሽቦ በስምንት ቀዳዳ አስገባ የተባለ አዲስ ልጅ ማንም የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ጥንድን ከጥንዱ ጎን ያስቀምጣል። አንድና ሁለት ብርቱካናማ፣ ሦስትና አራት አረንጓዴ፣ አምስትና ስድስት ሰማያዊ፣ ሰባትና ስምንት ቡናማ። በሌላኛው ጫፍም እንዲሁ። ከዚያ ርካሿን መሞከሪያ ይሰካል፤ ከአንድ እስከ ስምንት ያሉት መብራቶች በየተራ ይበራሉ፤ ሥራው አለቀ ተብሎ ይፈረማል። ኬብሎቹን የሚያገናኘው መሣሪያ፣ ስዊቹ፣ ግን እንደ አንድ ጥንድ የሚቆጥረው 3ኛውንና 6ኛውን ቀዳዳ ነው። በዚህ ልጅ አሠራር 3ኛው ከአረንጓዴው፣ 6ኛው ከሰማያዊው ግምድ የመጡ ናቸው፤ አብረው ስላልተገመዱ ረብሻውን አያቀናንሱም። መስመሩ አጭር ከሆነ ሊሠራ ይችላል። ሲረዝም ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ይቆራረጣል፤ ተጠቃሚው ኢንተርኔቱን ያማርራል፤ የአይቲው ልጅ ኮምፒውተሩን ፎርማት ያደርጋል። ጥፋቱ ግድግዳው ውስጥ ተቀምጧል። ይህን የሚያጋልጠው የአንዱ ጥንድ ድምፅ በሌላው ላይ ምን ያህል እንደሚያልፍ የሚለካው ውድ መሣሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤት ለኔትወርኩ የሚጽፈው ጥሩ ስታንዳርድ «ኬብሉ ጥራት ያለው ይሁን» ብሎ አይተውም፤ እያንዳንዱ መስመር በዚያ መሣሪያ ተለክቶ ውጤቱ ከርክክቡ ሰነድ ጋር ይያያዝ ይላል። በዚያች ዓረፍተ ነገር ምክንያት ባለሙያው ገና ልባሱን ሲገፍፍ ጀምሮ እጁ ይጠነቀቃል።

የቀዳዳዎቹ ቅደም ተከተል እንዲህ መጠማዘዙም ያለ ምክንያት አይደለም። ሰማያዊው ጥንድ መሐል፣ 4ኛውና 5ኛው ላይ የተቀመጠው የድሮው ስልክ መሰኪያ መሐሉን ስለሚጠቀም ነው፤ ሌላው ጥንድ በዚህ ጥንድ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ 3ኛና 6ኛ ሆነ። አረንጓዴና ብርቱካናማ ቦታ የሚለዋወጡባቸው ሁለት አደራደሮች አሉ፤ ቲ568ኤ እና ቲ568ቢ። በኤሌክትሪክ ረገድ አንዱ ከሌላው አይሻልም። ለአንድ መሥሪያ ቤት ትልቁ ነገር ከሁለቱ አንዱ ተመርጦ በአንድ መስመር መጻፉ ነው። አለዚያ ሦስተኛው ፎቅ በአንዱ ኮንትራክተር ልማድ፣ አራተኛው በሌላው ልማድ ይሠራል።

የዲዛይን ስታንዳርድን ውበት የማየው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች ለኦዲተር የሚታይ ጥራዝ አድርገው ያስቡታል፤ አንዳንዱም በእውነት ያው ነው፤ ከአምራቹ ሰነድ ተገልብጦ የመሥሪያ ቤቱ አርማ ተለጥፎበታል። በእጅ የተሠራው ግን ከሩቁ ይለያል። ጸሐፊው ኔትወርክ ውስጥ ሳይወሰን የሚቀር ነገር እንደሌለ ገብቶታል። አንተ ካልወሰንክ የፋብሪካው ነባሪ ቅንብር ይወስናል፤ ወይም የገመድ ጎታቹ ልማድ፤ ወይም በስቶር ውስጥ የከረመ አሮጌ ስዊች። የብራና ቁም ጸሐፊ አንድ ፊደል ከመጣሉ በፊት በወስፌ ጫፍ፣ ያለ ቀለም፣ መስመሩን ያሰምራል። አንባቢው መስመሩን አያየውም፤ የፊደሉን ቀጥ ማለት ግን ያያል። ጥሩ ስታንዳርድ የሚሠራው እንዲህ ነው።

እንዲህ ባለ ስታንዳርድ የተሠራውን የመሣሪያ መደርደሪያ፣ ራኩን፣ እንክፈተው። ከላይ ፓች ፓነሉ፣ ከሥሩ ስዊቹ፣ እንደገና ፓነል፣ እንደገና ስዊች፤ እንዲህ ሲፈራረቁ እኩል ርዝመት ያለው አጭር ፓች ኮርድ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በጎን የሚንጠለጠል የኬብል ጢም አይኖርም። የሚታሰሩት በፕላስቲክ ማሰሪያ ሳይሆን በሚጣበቅ ጨርቅ ነው፤ ፕላስቲኩ ሲጠብቅ ልባሱን ይጨምቃል፤ ያ ሁሉ የግምድ ልኬት እዚያች ቦታ ላይ ይዛባል። በማዕዘን ላይ ኬብሉ ከራሱ ውፍረት አራት እጥፍ ባነሰ ራዲየስ አይታጠፍም። ከራኩ እስከ ግድግዳው ያለው ቋሚ መስመር 90 ሜትር፣ በሁለቱ ጫፍ ያሉት ፓች ኮርዶች በድምሩ 10 ሜትር፤ መቶ። የኔትወርክ ክፍሎቹ በየፎቁ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው ሲሠሩ ፋይበሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አርክቴክቱ ይህን ካልሰማ ክፍሉ ከመታጠቢያ ቤቱ ጎን ይመጣል፤ ትንሽ ቆይቶም የጽዳት ሠራተኞቹ ባልዲና መጥረጊያ ይገባበታል። ስንት ክፍል እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ።

መለያዎቹ ላይ ብዙ አልቆይም። ስዊቹ ስሙ ውስጥ ከተማውን፣ ሕንጻውን፣ ፎቁን፣ የሥራ ድርሻውንና ተራ ቁጥሩን ይዟል፤ የግድግዳው ሶኬት ላይ ያለው ቁጥር ፓነሉ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። እሁድ ሌሊት የተጠራ፣ ሕንጻውን አይቶት የማያውቅ ሰው በስልክ ቢጠየቅ እንኳ የቱ ጋ እንደቆመ ሊናገር ይችላል።

የአይፒ አድራሻ ዕቅዱ ደግሞ ለእኔ የሰነዱ ቅኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው አርኤፍሲ 1918 የተባለው የኢንተርኔት ሰነድ ለግል ኔትወርክ ሦስት የአድራሻ ክልሎችን ይተዋል፤ በ10 የሚጀምረው፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያለው፣ በ192.168 የሚጀምረው። ያልታሰበበት ኔትወርክ ብዙ ጊዜ 192.168.1 ላይ ይገኛል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ራውተር ከካርቶኑ ሲወጣ እዚያው ላይ ነበር። ችግሩ የሂሳብ ሠራተኛዋ ቤቷ ሆና በቪፒኤን ለመግባት የሞከረች ዕለት ይወጣል። የቤቷ ዋይፋይም 192.168.1 ላይ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨር 192.168.1.10 ብላ ስትጠራ ኮምፒውተሯ እዚያው ሳሎኗ ውስጥ ይፈልገዋል፤ አያገኘውም። ማን ወሰነ? ማንም።

አሁን በዕቅድ የተሠራውን እንይ፤ 10.20.31.0። ሁለተኛው ቁጥር ቅርንጫፉ ነው፤ 20ኛው ቅርንጫፍ። ሦስተኛው ቁጥር ሁለት ነገር በአንዴ ይናገራል፤ 3 ፎቁ ነው፣ 1 አገልግሎቱ። አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ስልክ፣ ሦስት ካሜራ፣ አራት ፕሪንተር ከሆነ፣ 10.20.53 የሚለውን ያየ የአይቲ ባለሙያ ሠንጠረዥ ሳይከፍት የአምስተኛው ፎቅ ካሜራ መሆኑን ያውቃል። የቪላኑም (ስዊቹ ላይ ተለይቶ የተከፈለው ምናባዊ ኔትወርክ) ቁጥር 53 ነው፤ ሌላ ነገር መያዝ አይጠበቅበትም። ቅርንጫፉ ሙሉ በሙሉ በ10.20 ሥር ስለተጠቀለለ የዋናው መሥሪያ ቤት ራውተር ቅርንጫፉን የሚያውቀው በአንድ መስመር ነው፤ ቅርንጫፉ ውስጥ አሥር ንዑስ ኔትወርክ ቢጨመር ያ መስመር አይነካም። ዕቅዱ ገደብም አለው፤ ጥሩ ጸሐፊ ገደቡን ራሱ ይጽፈዋል። ሦስተኛው ቁጥር ከ255 አያልፍም፤ ስለዚህ ዘዴው 24ኛ ፎቅ ድረስ ሙሉ ነው፣ 25ኛው ላይ ይጎድላል፣ 26ኛው ላይ ያልቃል። ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ሕንጻ በቂ ነው፤ እንደ ንግድ ባንክ አዲሱ ዋና መሥሪያ ቤት ለረዘመ ግንብ ግን ሌላ አከፋፈል ያስፈልጋል። ይህ ከመጀመሪያው ገጽ ተጽፎ ሲገኝ ጸሐፊው ቁጥሮቹን በአእምሮው እስከ ጣሪያ ድረስ እንደወጣባቸው ይታወቃል።

ከዚህ ወደ ስዊቾቹ ባሕርይ እንግባ፤ ትልቁ ጉዳይ ያለው እዚህ ነው። አንድ ስዊች ቢሞት ኔትወርኩ እንዳይቆም ሁለት መንገድ ይዘረጋል። ሁለት መንገድ ግን ቀለበት ይሠራል፤ ለሁሉም የተላከ መልእክት ቀለበት ውስጥ ከገባ መውጫ የለውም፤ የኤተርኔት ጥቅል ስንት ስዊች እንዳለፈ የሚቆጥር ነገር አልተሰጠውም። ይዞራል፣ ይባዛል፣ በሰከንዶች ውስጥ መንገዱን ሁሉ ይሞላል። መላውን ያገኘችው በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ትሠራ የነበረችው ራዲያ ፐርልማን ናት። እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመችው ጽሑፍ ስዊቾቹ እርስ በርስ ተነጋግረው ከመካከላቸው አንዱን ሥር አድርገው እንዲመርጡ፣ ከዚያ ቀለበት የሚሠሩትን መንገዶች ራሳቸው እንዲዘጉ፣ ዋናው መንገድ ሲቋረጥም እንዲከፍቱ አደረገች። ስፓኒንግ ትሪ ይባላል። ሥራው ላይ አጭር ግጥምም ጽፋበታለች፤ ለኢንጂነሪንግ ጽሑፍ ያልተለመደ ጌጥ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ይገባዋል።

ሥሩ የሚመረጠው እንዴት ነው? እያንዳንዱ ስዊች የቅድሚያ ቁጥር አለው፤ ትንሹ ያሸንፋል። ከፋብሪካ ሲወጡ ሁሉም 32768 ናቸው። እኩል ሲሆኑ የሚያሸንፈው የመሣሪያ አድራሻው ትንሹ ነው፤ ትንሽ አድራሻ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተመረተው ነው። ምንም ያልተጻፈበት ኔትወርክ ውስጥ እንግዲህ የመላው ሕንጻ ትራፊክ የሚዞርበትን ማዕከል የሚመርጠው ዕድሜ ነው፤ ከመጋዘን ወጥቶ ለጊዜው ተብሎ ከጥበቃ ቤቱ ካሜራ ጋር የተሰካ አሮጌ ስዊች ሥር ሊሆን ይችላል። የእጅ ባለሙያው ስታንዳርድ ይህን በሁለት ቁጥር ይዘጋዋል፤ የመጀመሪያው ኮር (ማዕከላዊ) ስዊች 4096፣ ተተኪው 8192። ሁለት መስመር ትእዛዝ ነው። ጠረጴዛ ሥር ባሉት ፖርቶች ላይ ደግሞ የስፓኒንግ ትሪ መልእክት ከመጣባቸው ወዲያው ራሳቸውን እንዲዘጉ ይታዘዛል። አንድ ሠራተኛ ሶኬት አነሰኝ ብሎ ከመርካቶ የገዛትን ባለ አምስት ፖርት ስዊች አምጥቶ፣ በቅንነት በሁለት ኬብል ከሁለት የግድግዳ ሶኬቶች ጋር ቢያገናኛት የሚጠፋው የራሱ መስመር ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል ለሚል፣ የቦስተኑን ቤዝ እስራኤል ዲከነስ የሕክምና ማዕከል ታሪክ አነሳለሁ። ሆስፒታሉ የሃርቫርድ ማስተማሪያ ነው፤ ሁለት ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. በ1996 ተዋህደው የተፈጠረ። ኔትወርኩም እየተቀጠለ፣ አንዱ ስዊች ከሌላው እየታከለ አደገ። የስፓኒንግ ትሪ ነባሪ ሰዓቶች የተሰሉት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰባት ስዊች ላላቸው ኔትወርኮች ነው። ሥሩ የሚልከው መልእክት ከዚያ አልፎ ሲሄድ ያረጃል፤ ሩቅ ያለው ስዊች ሥሩ የጠፋ ይመስለዋል፤ የዘጋውን መንገድ ይከፍታል፤ ቀለበቱ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2002 ያ ኔትወርክ ወደቀ፤ ተነሣ፤ እንደገና ወደቀ፤ ለአራት ቀን ያህል። ሐኪሞች ወደ ወረቀት ተመለሱ፤ የላብራቶሪ ውጤት በሰው እጅ ከክፍል ወደ ክፍል ተመላለሰ። ወጣት ሐኪሞች በወረቀት መድኃኒት ማዘዝን ያን ዕለት ነው የተማሩት ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመረጃ ቴክኖሎጂ ኃላፊው ጆን ሃላምካ ጉዳዩን ሳይደብቁ ለሌሎች ሆስፒታሎች በአደባባይ ተናገሩ፤ ይህ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። በዚያ ሕንጻ ውስጥ ጥፋተኛ የሚባል አንድ እጅ አልነበረም። እያንዳንዱ ቅጥያ በተቀጠለበት ቀን ትክክል ነበር። «ከሰባት አይብለጥ» የሚል መስመር ተጽፎ ቅጥያ በተጠየቀ ቁጥር የሚነበብ ቢሆን ኖሮ፣ አንዱ ቅጥያ እዚያው ወረቀት ላይ ይቆም ነበር።

የኤሌክትሪኩን ነገር አዲስ አበባ የሠራ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ አጭር አደርገዋለሁ። ዛሬ ስልኩም ካሜራውም የዋይፋይ ማሰራጫውም ኃይል የሚያገኙት በዚያው የኔትወርክ ኬብል ነው። እ.ኤ.አ. የ2003ቱ ስታንዳርድ ለአንድ ፖርት 15.4 ዋት ይመድባል፤ የ2009ኙ 30 ዋት። ባለ 48 ፖርት ስዊች ላይ 740 ዋት የሚል ስታዩ 48 ጊዜ 15.4 ማለት ነው። ሁሉም 30 ዋት የሚጠይቁ ከሆነ ግን ኃይሉ የሚደርሰው ለ24ቱ ብቻ ነው፤ 25ኛው ይጨልማል፤ የስዊቹ ፊት ግን 48 ቀዳዳ ያሳያል። ይህን ያሰላ ሰነድ ወደ ዩፒኤሱም (መጠባበቂያ ባትሪው) ይሄዳል። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ያለውን ጊዜ ዩፒኤሱ ስዊቹን ብቻ ሳይሆን ስዊቹ የሚመግባቸውን ስልኮችና ካሜራዎች ሁሉ ተሸክሞ ማለፍ አለበት። ብዙ ቦታ ዩፒኤሱ የሚገዛው ስዊቹ ብቻውን በሚፈጀው ልክ ነው፤ ጥበቃው ካሜራ በጣም የሚያስፈልገው ደግሞ በጨለማው ደቂቃ ነው።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ልጨምር። ስታንዳርድ የሚጽፍ ሰው ግዴታውን ከምክሩ መለየት አለበት። የኢንተርኔት ሰነዶች እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በአርኤፍሲ 2119 መሠረት የግድ የሚሆነውን፣ የሚመከረውንና የሚፈቀደውን በየደረጃው ይለያሉ። ሁሉንም ግዴታ ያደረገ ሰነድ የሚጣሰው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ አንዴ ከተጣሰ በኋላ የ4096ቱም መስመር እንደ ቀለም ምርጫው ቀልሎ ይታያል። ያየኋቸው ምርጦቹ ሰነዶች አጫጭር ናቸው፤ ግዴታዎቹ በቁጥር የሚለኩ፣ ከእያንዳንዱ ሥር አንድ መስመር ምክንያት ያላቸው። ምክንያቱ ሲጻፍ ተተኪው ሰው ደንቡን መቼ መቀየር እንደሚችል ያውቃል።

የመጨረሻውን ገጽ ሳላይ ሰነድ አልዘጋም። እዚያ ከደንቡ ውጭ የተፈቀዱት ይመዘገባሉ። መጋዘኑ ከራኩ 104 ሜትር ይርቃል እንበል፤ ፋይበር ለማስገባት በጀት የለም፤ ለጊዜው በመዳብ ተስቧል። ሠንጠረዡ ምን እንደተጣሰ፣ ለምን፣ ማን እንደፈቀደና እስከ መቼ እንደሆነ ይይዛል። ቀኑ ሲደርስ ፋይበሩ ካልተሳበ ጉዳዩ ወደ ፈረመው ሰው ጠረጴዛ ይመለሳል። ሦስት አራት እንዲህ ያለ መስመር ያለበትን ሰነድ አምነዋለሁ። ባዶ ከሆነብኝ ግን ቁልፉን ተቀብዬ ሕንጻውን ፎቅ በፎቅ ሳልዞር አልፈርምም።